የምሽቱ እንክብል

ሰው ሲሞት ብዙ ነገሩ አብሮት አፈር ይገባል። ሳቁም ቁጣውም፣ የወደደውም የተቀየመውም አብሮት ይሄዳል። የተጻፈበት ነገር ግን አይሄድም። በታላቅ እህቴ የሕክምና ካርድ ላይ አንድ መስመር ተጽፎባታል። ያ መስመር ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን እናውቅ የነበርነው እሷና እኔ ብቻ ነን፤ እሷ ደግሞ አሁን የለችም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ መጻፍ ያለብኝ እኔው ነኝ። እናንተም ታገሡኝና እስከ መጨረሻው አድምጡኝ፤ ስትጨርሱ ብትፈርዱብኝ አልቀየምም።

ባንችአምላክ እባላለሁ። የተወለድኩት ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ሥር፣ ሰኔ ሲገባ ጭጋጉ ደጃፍ ላይ ተኝቶ የሚውልበት ቀዬ ነው። እናታችን ስትሞት ገና ጥርሴን እየቀየርኩ ነበር። ያሳደገችኝ እህቴ እታበባ ናት። በአሥራ ስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። የራሷን ልጅ ትርንጎን ከወለደች በኋላ እንኳ «የበኩር ልጅሽ ማን ናት?» ሲሏት «ባንቺ ናታ!» ነበር መልሷ። በቤታችን አንድ ድንች ለአንድ ሰው አይሰጥም ነበር። እታበባ ትሰብረውና ግማሹን ለኔ፣ ግማሹን ለትርንጎ ትሰጣለች፤ ለራሷ ልጣጩ ላይ የቀረችውን ትልሳለች። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ትለን ነበር። እኔ ከቄስም ከመምህርም በፊት የተማርኩት ሃይማኖት ይኸው ነው።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣና ከሰው የተዋስኩት መጽሐፍ ነው። ደብረ ማርቆስ ወርጄ አንዲት ክፍል ተከራየሁና ሹሩባ መሥራት ጀመርኩ። ራሴን ማመስገን ባይሆንብኝ እጄ ፈጣን ነው፤ ወሬዬም አይጠላም። ሰው ጠጉሩን ሊሠራ ይመጣና ታሪኬን ሰምቶ ይሄዳል።

ግን አንድ ነገር ነበረብኝ።

ሹሩባ ሠሪ ቀኑን ሙሉ ክንዱን አንሥቶ ነው የሚውል። የኔ ሕመም ደግሞ የወጣው ብብቴ ሥር ነው። ሃያ ዓመት ሲሆነኝ እንደ ብጉንጅ ጀመረኝ። «ይፈነዳል፣ ይድናል» አሉኝ። ፈነዳ፤ ግን አልዳነም። አንዱ ሲደርቅ ከጎኑ ሌላ ያብጣል፤ ከሥር ደግሞ እንደ ፍልፈል ቆዳዬን እየቦረቦረ ካንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ይሄዳል። መግሉ ይሸታል። ደንበኛዬ ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ አናቷ ከደረቴ በታች፣ አፍንጫዋ ከብብቴ አጠገብ! ጥጥ እደራርባለሁ፣ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ እለብሳለሁ። አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ ልትሠራ መጥታ፣ ግማሹን ስጨርስላት «ይበቃኛል» ብላ ተነሣች። ግማሽ ጠጉሯ ተሠርቶ፣ ግማሹ ተበትኖ ሄደች። ባሌን ያሳጣኝም ይኸው ነው፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ የደረስኩት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ወጣት ሴት ናት። ክንዴን አንሥታ አየችና አፍንጫዋን አልያዘችም። የሕመሙን ስም ሦስት ጊዜ አስደገምኳት፤ ረጅም የፈረንጅ ስም ነው፣ አልያዝኩትም። የያዝኩት ከዚያ በኋላ ያለችውን ነው።

«ይህ ከንጽሕና ጉድለት የመጣ አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ጥፋተኛ አይደለሽም።»

እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። የሳንባ ራጅ አስነሣችኝ፤ አብሮኝ የሚኖር የሚያስል ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። ያኔ ብቻዬን ነበር የምኖረው፤ የለም አልኩ፤ እውነት ነበር። ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ አዘዘችልኝ። ጠዋት ሁለቱንም፣ ምሽት ሁለቱንም፣ ለሦስት ወር። «አንደኛው ቀዩ ነው፤ ሽንትሽን ያቀላዋል፤ እንባሽም ብርቱካንማ ቢሆን አትደንግጪ። እንዳታቋርጪ፣ እንዳታጓድይ» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

በዚያው ሳምንት እታበባ መጣች። ገብሷን ወቅታ፣ ቤቱን ለትርንጎ ትታ፣ አንድ ማዳበሪያ ድንች በጭነት መኪና አስጭና፣ «ክንድሽን ማንሣት አቃተሽ አሉ፤ ማን ውኃ ይቀዳልሻል?» ብላ በሬን ገፋች። እኔን ልታስታምም ነው የመጣችው። ግን ከኔ ይልቅ የታመመች የምትመስለው እሷ ነበረች። ከስታለች። ታስላለች።

«ይሄ ሳል ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከክረምት። የጭስ ነው። የኔን ተይና ክንድሽን አሳዪኝ።»

«ሐኪም እንይ እንጂ።»

«ሐኪም ሳል ካየ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ስም ከወጣለት አገር ቤት ዋንጫዬን ይለዩብኛል። ጭስ ነው አልኩሽ፣ ጭስ ነው!»

በመጀመሪያው ምሽት እንክብሎቼን አወጣሁ። እታበባ ከፊቴ ተቀምጣ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ከሳሏ ጋር ስትታገል አየኋት። እናንተዬ፣ እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? እፍረት ያዘኝ። ያቺ ልጣጭ እየላሰች ያሳደገችኝ ሴት ከፊቴ እያሳለች እኔ ብቻዬን መድኃኒት ልውጥ? እጄ ሳላዘው ተዘረጋ። ሁለቱንም እንክብል መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቁስል የሚያደርቅ ነው። ሳልስ የውስጥ ቁስል አይደል? የጠዋቱን እኔ፣ የምሽቱን አንቺ።»

«ላንቺ የታዘዘውን?»

«ብቻውን የበላ...» ብዬ ጀመርኩላት።

ሣቀች። «አስተምሬሻለሁና!» አለችና ዋጠችው።

ይኸውላችሁ። በእጄ ነው የሰጠኋት። በዚህ እጄ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት፣ ሐቁን ልናገርና፣ ከሕይወቴ ሁሉ የተሻሉ ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት ሳሏ ጋብ አለ። ፊቷ ሞላ። መጀመሪያ ሽንቷ ቀልቶ ያየች ቀን ከጓሮ እየጮኸች መጣችና ነገሩን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሣቀች፤ «እኔና አንቺ ከአንድ ወንዝ ጠጣን በይኛ!» አለች። የኔም ቁስል በመጠኑ ደረቀ። በመጠኑ ነው፤ ግማሽ መድኃኒት ግማሽ ነው የሚያደርቅ። እኔ ግን ለሁለታችን ሠራ ብዬ ነበር። እንዲያውም ብልህነቴን ወደድኩት።

ፋሲካ አለፈ፤ እንክብሉ አለቀ። ሳሉ ተመለሰ፤ ያውም ጉልበት ገዝቶ። የኔም ብብት በሁለቱም ወገን አበጠ። ግንቦት ላይ የቀጠሮዬ ቀን ደረሰ። እታበባ እኔም አብሬ እሄዳለሁ አለች። እንዳትመጣ አላልኳትም። መንገድ ላይ ግን እንዲህ አልኳት፦

«እዚያ ስንገባ ሳልሽን ዋጥ አድርጊው። ዶክተሯ ነገር ታበዛለች። እንክብሉን መካፈላችንን ካወቀች ሌላ አትሰጠኝም።»

«እንኳን ሳል ስንቱን ውጫለሁ» አለችና ቁራጭ ዝንጅብል ጉንጯ ውስጥ ወሸቀች።

ገባን። ሐኪሟ ክንዴን አይታ ፊቷ ጠቆረ።

«መድኃኒቱን በትክክል ወስደሻል?»

«ወስጃለሁ።»

«ጠዋትና ምሽት?»

«ጠዋትና ምሽት።»

በቤታችን ጠዋትም ተውጧል፣ ምሽትም ተውጧል። በማን አፍ እንደሆነ አልጠየቀችኝም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

«እንግዲህ አንቲባዮቲኩ አልሠራልሽም ማለት ነው» አለች፤ ወንበሯንም ወደኛ አዞረች። «አሁን ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው፣ ሌላ ዓይነት አንቲባዮቲክ መሞከር ነው፤ ግን ያኛው ካልሠራ ይኼኛው ለመሥራቱ እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለተኛው ጠንከር ያለ ነው። የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት።»

«መከላከያዬን አዳክሜ እንዴት እድናለሁ?»

«ሰውነትሽ ዘበኛ አለው በይ። በሽታ ሲመጣ የሚጮኽ፣ የሚነክስ። ያንቺ ዘበኛ ግን ሌባ ሳይመጣ የገዛ ቤተሰቡን ይነክሳል። ቆዳሽን እንዲህ ያደረገው እሱ ነው።»

«እንዲህ ያለው ውሻማ በሰንሰለት ነው» አለች እታበባ በነጠላዋ ውስጥ።

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «ልክ ብለዋል እማማ። መድኃኒቱ ሰንሰለቱ ነው። ግን ዘበኛውን ስናስረው እውነተኛ ሌባ ቢመጣ የሚጮኽ የለም። ለዚህ ነው አመዛዝነን የምንሰጠው። ብዙ ሰው እፎይ ብሎበታል፤ የተጎዳበትም አለ።»

እኔ «እፎይ» የምትለዋን ብቻ ሰማሁ። ክንዴን አንሥቼ፣ ያለ ጥጥ፣ ያለ ሹራብ፣ ያቺን ሙሽራ መልሼ አስቀምጬ ግማሹን ስጨርስላት ታየኝ። እናንተም ብትሆኑ ይታያችኋል።

ሐኪሟ ብዕሯን አነሣች። «ከመጀመራችን በፊት አንድ ጥያቄ። አሁን አብሮሽ ከሚኖር ሰው ውስጥ ሳል ያለበት አለ?»

«የለም» አልኩ።

እታበባ ከጎኔ ናት። ዘወር ብዬ ባላያት ይሻለኝ ነበር። የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከትታዋለች። የአንገቷ ሥር ተገትሯል፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ድምፅ ግን የለም። ለኔ ብላ ትንፋሿን ይዛለች። ሐኪሟ እየጻፈች ስለሆነ አላየችም።

«የምጠይቅሽ እንዲሁ አይደለም» አለች እንዳቀረቀረች። «ቲቢ ከሚያስል ሰው በትንፋሽ ይገባና ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ሊኖር ይችላል። የሚያስተኛው ያ ዘበኛ ነው። ዘበኛውን ካሰርነው ይነሣል። ሳናውቅ ከጀመርን ከቁስልሽ አድንሻለሁ ብዬ ልገድልሽ እችላለሁ።»



እታበባ ነጠላዋን ከአፏ አወጣች። ወደኔ አላየችም። ከዚያ ለቀቀችው። ወገኖቼ፣ እንዲያ ያለ ሳል ሰምቼ አላውቅም። እንደ ታጠረ ከብት ነው የወጣ። ጎንበስ ብላ፣ በአንድ እጇ ጠረጴዛውን ይዛ፣ ረጅም ጊዜ ሳለች። ሲያባራላት አፏን ጠርጋ እንዲህ አለች፦

«ልጄ፣ የምታስለው እኔ ነኝ። ከክረምት ጀምሮ። አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምንተኛ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች፤ ለሷም ለኔም ማስክ ሰጠችን፤ አክታ እንድትሰጥ አዘዘች። «አክታውን የሚያነብ ማሽን አለን፤ ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ይደርሳል» አለች። የኔ መድኃኒት ነገር ሳይጠቀስ ቀረ።

ግቢው ውስጥ አንድ ጽድ ሥር፣ ከሰው ራቅ ብለን ተቀመጥን። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ከአንድ ዓመት ይረዝማል ይባላል፤ አራት ሰዓት ነው የጠበቅነው። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? አኮረፍኳት። እውነቴን ነው። መድኃኒቴን አስቀረችብኝ ብዬ አኮረፍኳት።

«ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበረበት?» አልኳት።

«ልገድልሽ እችላለሁ ስትል አልሰማሽም? አፈር ላለብስሽ ነው ያሳደግሁሽ?» ማስኩ ውስጥ ድምጿ ታፍኖ ይሰማል። ቆይታ ደግሞ «ይሄ ነገር እንደ በቅሎ አፍ ማሠሪያ ነው፤ ገብስ እንዳልበላ ነው የሠሩልኝ?» ብላ ልታሥቀኝ ሞከረች። አልሣቅሁላትም።

ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን ፍርሃቱ ገባኝ። «የእንክብሉን ነገር ልንገራት?» አልኳት።

«ተይ። ስለኔ የምትነግሪያት ምን ይጨምርላታል? ላንቺ ግን ይቀንስብሻል።»

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሐኪሟ ራሷ ወጥታ ወደኛ መጣች። ወረቀት ይዛለች። ከፊታችን ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ ቲቢ ነው» አለች። እታበባ አንገቷን ነቀነቀች፤ ድሮም የምታውቀው ይመስል። «ቲቢ ይድናል። የከበደኝ እሱ አይደለም። ማሽኑ ሌላ ነገር አሳይቶናል። ያለብዎት ቲቢ ዋናውን መድኃኒት ተላምዶታል፤ መድኃኒቱ አይገድለውም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው መድኃኒቱ ጎድሎ ሲወሰድ ነው። ከዚህ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስደው ያውቃሉ?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ቀይ እንክብል? ሽንት የሚያቀላ?»

እታበባ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ላይ ጠቀለለች። የሐኪሟ ዓይን ከእታበባ ወደኔ ዞረ። አሁንም ድረስ ያ አዟዟሯ አይጠፋኝም። ቁጣ የለበትም፤ ገብቷታል ብቻ።

«ባንችአምላክ፣ ለቁስልሽ የሰጠሁሽ ቀዩ እንክብል የቲቢም መድኃኒት ነው። በቀን ስንት ጊዜ ነበር የወሰድሽው?»

  እላለሁ፣ አሁን እላለሁ እያልኩ ነበር። እላለሁ ስል ግን ያ ሁሉ ዓመት ታየኝ፤ ጥጡ፣ ሹራቡ፣ ያቺ ሙሽራ። መድኃኒቱን ለሰው የሚያድል ሰው ሁለተኛ ማን ያምነዋል?

«ሰርቄያት ነው» አለች እታበባ።

ሁለታችንም ዘወር አልን።

«እሷ አታውቅም። ጠዋት ትውጣለች፤ ምሽት ላይ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ የሷን እወስድና ሌላ የራስ ምታት ኪኒን እተካበታለሁ። ቁስል ያደርቃል ሲሉ ሰምቼ ሳሌን ያደርቅልኛል ብዬ ነው። ሌባዋ እኔ ነኝ ልጄ። እሷን እንዳትቀየሚያት፤ የሚሆናትን መድኃኒት ስጪያት።»

በሕይወቷ የሰው እሸት እንኳ ቆርጣ የማታውቅ ሴት ናት። የጎረቤት ዶሮ ጓሯችን ብትጥል እንቁላሉን በነጠላዋ ይዛ ባለቤቱ ድረስ የምትሄድ።

ሐኪሟ ወደኔ አየች። «እውነት ነው?»

እዚያ ላይ ነው ሕይወቴ ለሁለት የተቆረጠው። በፊትና በኋላ ሆኖ።

«አላውቅም ነበር» አልኩ።

ሁለት ቃል ነው። ሐኪሟ ካርዱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ጻፈች፤ እኔ ቆሜ ከትከሻዋ በላይ አነበብኩት። «ያለ እህቷ ፈቃድ የእህቷን መድኃኒት ስትወስድ ቆይታለች።» እታበባ ማንበብ አትችልም። ብዕሩ ሲሄድ አየችና በማስኩ ላይ ዓይኗ ሣቀልኝ። የነጠላዋ ጫፍ ላይ፣ ዓይኗን ትጠርግበት የነበረው ቦታ፣ ያልለቀቀ ብርቱካንማ ነጥብ ነበር። ያንን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እንዲህ ያለውን ቲቢ ወደሚያክሙበት ሌላ ከተማ በሁለተኛው ቀን ወሰዷት። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮት «ለትርንጎ ንገሪያት፤ ለዘር ያስቀመጥኩት ገብስ ነቀዝ እንዳይገባው ታውጣው» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለች። እኔን መረመሩኝ፤ በሽታው አልተገኘብኝም፤ ግን ለረጅም ጊዜ በክትትል እንድቆይ ተባለ። መከላከያ የሚያዳክመው መድኃኒት አይታሰብም አሉኝ።

ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኋት። በሁለተኛው ጊዜ፣ ግቢው ውስጥ ነፋስ ባለበት፣ ማስኬን አድርጌ ጠጉሯን ሠራሁላት። ክንዴን ባነሣሁ ቁጥር ብብቴ እንደ እሳት ይለበልበኛል። ጠጉሯ ሳስቷል፤ በጣቴ መካከል እየቀረ ይመጣል። መድኃኒቱ አዲስ ነው፣ ብርቱ ነው ይላሉ፤ ሳንባዋ ግን ቀድሞ ተበልቷል።

«እታበባ፣ እውነቱን ልንገራቸው» አልኳት ከኋላዋ ሆኜ።

«ምኑን?»

«አልሰረቅሽም።»

«እህ፣ ባንቺ! ሽበቴን ቀጥ አድርገሽ ሥሪ፤ ነገር አታብዢ» አለችኝ።

ኅዳር ላይ ሞተች።

ለቅሶው ላይ ደረቴን መምታት አልቻልኩም፤ ክንዴ አይነሣም። «አሳድጋት እንኳ እንባ እንጂ ደረት አልመታችላትም» ሲሉ ሰማሁ። ይህ ቀላሉ ነበር። ከባዱ የመጣው በአርባዋ ነው። ሰው ሲበተን ትርንጎ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

«እትዬ ባንቺ፣ እናቴን ይቅር በያት።»

«ምን አድርጋኝ ነው ይቅር የምላት?»

«እኔም አውቄያለሁ። ራሷ በስልክ ነግራኛለች። ‹የአክስትሽን መድኃኒት እየሰረቅሁ ነው እንዲህ የሆንኩት፤ ሕክምናዋንም ያበላሸሁባት እኔ ነኝ፤ እንዳትቀየሚያት› አለችኝ።» ዕንባዋ ወረደ። «እናቴ እንዲህ ታደርጋለች ብዬ አላስብም ነበር።»

እዚያ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። እታበባ ሁሉንም በር ዘግታልኝ ነው የሄደችው። ልጇን ሳይቀር አዘጋጅታልኛለች፤ በሰላም እንድኖር። ግን አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ፤ ሁለተኛውን አልቻልኩም።

«አልሰረቀችም» አልኳት። «እኔ ነኝ በእጄ የሰጠኋት። ሲጠይቁን ደግሞ አላውቅም አልኩ።»

 ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ስንት ወር ሙሉ አፈርኩባት» አለች በመጨረሻ። «እያፈርኩባት ሞተች።»

ተነሥታ ዕቃ ልታነሣ ሄደች። እስከ ዛሬ ስንገናኝ ትስመኛለች፤ ጉንጯ ግን ብርድ ነው።

ወደ ሐኪሟም ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ብዕሯን አስቀምጣ ሰማችኝ። «ያን ቀን ብትነግሪኝም መድኃኒት አልከለክልሽም ነበር» አለችኝ። «የሚከለከል ነገር እንደሌለ ባውቅ ኖሮ» ልል አሰብኩና ተውኩት። የእታበባን ካርድ እንድታርምልኝ ለመንኳት። ካርዱ ከሷ ጋር ሄዷል፣ የሞተ ሰው ካርድ ተዘግቶ ሌላ ቦታ ይቀመጣል፣ እኔ ዘንድ የለም አለችኝ። በኔ ካርድ ላይ ጻፈችው። የኔን ካርድ ግን ማን ያነብላታል?

እናንተ አንብቡላት። ለዚህ ነው የጻፍኩት። አበባ የምትባል የገብስ ገበሬ የማንንም ነገር አልሰረቀችም።

ደግሞ ከእናንተ መካከል ቁስሉ ሲሻለው የተረፈውን ኪኒን ለጎረቤት የሚያስቀምጥ፣ ለሚያስል ወንድሙ ከራሱ የሚቀንስ ደግ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። አውቃችኋለሁ፤ እኔው ነኝና። ድንቹን ስበሩ፣ ዳቦውን ቁረሱ። ይሄኛውን አትቁረሱ። የሚያስለውን እጁን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ዋንጫውን ግን አትለዩበት። እታበባ ከበሽታው ይልቅ የፈራችው ዋንጫዋን ነበር።

ስለ ቁስሌ ለምትጠይቁኝ፦ ሐኪሟ እውነቱን ካወቀች በኋላ ሚዛኑን እንደገና አነሣችው። «መጀመሪያም አንቲባዮቲኩ አልሠራም ያልኩት ግማሹን አይቼ ነው» አለች። ቀዩን ትታ ሌላ ዓይነት አዘዘችልኝ፤ ጠዋት አንድ፣ ምሽት አንድ። ሙሉውን ዋጥኩት፤ ሠራ። ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም፤ ግን ክንዴ ይነሣል። ሹራቡን አውልቄያለሁ። ጠንካራውን መድኃኒት ወደፊት ካስፈለገ እናየዋለን ብላኛለች።

የጠዋቱን እንደ ማንም ሰው እውጠዋለሁ። የምሽቱን ግን አውጥቼ መዳፌ ላይ አስቀምጥና ብዙ እቆያለሁ። የምሽቱ የሷ ነበር።